ፍላጉ ኮምፓይለሩ ዘንድ ደርሷል?

ፓኬጅ የምትገነቡ ሁሉ «ፓኬጁ ከነጥበቃው ተገንብቷል» ትላላችሁ። በምን አረጋገጣችሁ? ጥበቃውን የሚያበራውን ፍላግ፣ ማለትም የኮምፓይለር አማራጭ፣ ፋይል ላይ ስለጻፋችሁት? ወይስ ኮምፓይለሩ የተቀበለውን ትእዛዝ ስላያችሁት?

የሊኑክስ ስርጭት የሆነው ዴቢያን 7 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የጥበቃ ፍላጎችን በፓኬጆች ላይ ማዳረስ አንዱ ግቡ ነበር። ለኮምፓይለሩ ሲፍላግስ፣ ለፕሪፕሮሰሰሩ ሲፒፒፍላግስ፣ ለሊንከሩ ኤልዲፍላግስ ተለይተው ተቀምጠዋል። ከጥበቃዎቹ አንዱ የሆነው ፎርቲፋይ ሶርስ ከተመደበለት ቦታ አልፎ የሚጽፍ ፕሮግራምን በብዙ አጋጣሚ ያስቆማል፤ የሚተላለፈውም በሲፒፒፍላግስ ነው። የግንባታ መሣሪያው ሲሜክ ግን ሲፒፒፍላግስን በራሱ አያነብም። ይህን ታውቁ ነበር? ካወቃችሁ፣ ለምን ወደ ሲፍላግስ አልጨመራችሁትም? ካላወቃችሁ፣ «ከነጥበቃው» ያላችሁት በምን ማስረጃ ነው? የግንባታው መመሪያ የሚጻፍበት ሜክፋይል የእናንተን ሲፍላግስ በራሱ ሲፍላግስ ሲተካው ማን አየ? የኮምፓይለሩ ኦፕቲማይዜሽን ሲጠፋ ፎርቲፋይ ሶርስ ሥራ እንደማይሠራስ ማን አስተዋለ?

ለፍጥነት ብላችሁ በገዛ ማሽናችሁ ልክ ስትገነቡስ ለማን አሰባችሁ? እንዲህ የተገነባ ፓኬጅ ማሽናችሁ ያለውን፣ ለምሳሌ ኤቪኤክስ 2 የተባሉትን የፕሮሰሰር መመሪያዎች፣ ሊጠቀም ይችላል፤ እነርሱም በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ደብረ ኤልያስ ውስጥ ከዚያ በፊት በተሠራ ኮምፒዩተር የሚማር ልጅ ፓኬጃችሁን ቢከፍት ምን ያገኛል? «ሕገወጥ መመሪያ» የሚል አጭር መልእክት፣ ከዚያ የተዘጋ ፕሮግራም። ለማውረድ የከፈለውን የዳታ ገንዘብ ማን ይመልስለታል? ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ እንዳልሆነ ማን ይነግረዋል? ኮዱ ነጻ ነው፤ እንደገና ልገንባው ቢልስ የተጠቀማችሁበትን ፍላግ ከየት ያገኘዋል?

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ መጀመሪያ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጉባኤ የሚቆምበት። ኮምፓይለሩ የተቀበላቸውን ትእዛዞች የያዘውን የእናንተን የግንባታ መዝገብስ ማን ሰማው? ማንስ አረመው?

ሥራው ከባድ ነው እንዳትሉ፣ መዝገቡን አንብቦ የጎደለውን ፍላግ የሚጠቁም ቢኤልኤችሲ የተባለ ነጻ መሣሪያ አለ። ለምን አታስኬዱትም? ሙሉውን ትእዛዝ በማያሳይ መዝገብ ላይ ግን እርሱም ምንም ሊፈትሽ አይችልም። ታዲያ ትእዛዙ ለምን ይደበቃል? ፓኬጁን ስትለቁ ያገለገሉትን ፍላጎች አብሮ ማውጣት ምን ያህል ያስከፍላችኋል?

ተጠቃሚው ኮምፒዩተሩን አምኖ የሰጣችሁ በቃላችሁ ነው። ለቃላችሁ ማስረጃው የግንባታው መዝገብ ነው። መቼ ታወጡታላችሁ?