ብዜት፦ መጀመሪያ በዓይን ወይስ መጀመሪያ በቃል?

ሁለቱም ጸሐፊዎች ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ አካባቢ ያስተምራሉ። አንዷ የታችኛው ክፍል መምህርት ናት። ሌላው ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡና አሁን የሰፈሩን ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚያስጠኑ ሰው ናቸው።

መምህርቷ

ጋሼ፣ እርስዎ የሚያስጠኗቸውን ልጆች ሰምቻለሁ። «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት» ብለው ሲጀምሩ ድምፃቸው ከአጥር ውጭ ይሰማል፤ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ ሰባ ይደርሳሉ። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መሀል ላይ አስቁሜ «ሰባት ጊዜ ስምንትስ?» ስላቸው ብዙዎቹ ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ተክለው ከ«ሰባት ጊዜ አንድ» ይነሣሉ። የያዙት ዜማውን ነው። ዜማው ከተቆረጠባቸው ወይ ያስታውሳሉ ወይ ይገምታሉ፤ ሌላ መንገድ የላቸውም። ፈተና ላይ 54 ወይም 58 ብለው የሚጽፉት ሰንፈው አይደለም። የጻፉት ቁጥር ልክ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሹበት ነገር ማንም አልሰጣቸውም።

እኔ የምጀምረው ከለስላሳ ሳጥን ነው። በዚህ ሰፈር ሳጥን የማያውቅ ልጅ የለም። በአንድ በኩል አራት፣ በሌላው በኩል ስድስት ጠርሙስ ይይዛል። ልጁ በአራት በአራት ሲቆጥረው 24 ያገኛል። ሳጥኑን አዞርለትና በስድስት በስድስት ቁጠር እለዋለሁ፤ ያው 24። አራት ጊዜ ስድስትና ስድስት ጊዜ አራት አንድ መሆናቸውን በዓይኑ ያያል፤ «ሕግ ነው፣ ያዝ» ያለው የለም። ይህቺ ማዞር የምታቀለውን ሸክም ያስሉት። ከ1 እስከ 10 ባለው ሰንጠረዥ 100 ብዜት አለ። የ1ና የ10 አያስቸግሩም፤ እነሱን ስንተው 64 ይቀራል። ማዞርን ያወቀ ልጅ ከ64ቱ የሚያጠናው 36ቱን ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት ከጠፋበትም በሰባት ረድፍ ስምንት ስምንት ቆርኪ ይደረድርና ረድፎቹን አምስትና ሁለት አድርጎ ይከፍላቸዋል። አምስት ጊዜ ስምንት 40፣ ሁለት ጊዜ ስምንት 16፤ 56 ደረሰ። ትንሽ ሲቆይ ቆርኪውን መደርደሩን ይተውና ክፍፍሉን በሐሳቡ ይሠራዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን የክሩን ጨዋታ ነው። አሥር ቆርኪ መሬት ላይ ክብ ተደርጎ ይደረደርና ከ0 እስከ 9 ይጻፍበታል። የአራትን ብዜት በሹራብ ክር እንከተላለን፤ የምንይዘው ግን የመጨረሻዋን አኃዝ ብቻ ነው። ከ0 ወደ 4፣ ወደ 8፣ ከ12 ላይ 2ን፣ ከ16 ላይ 6ን፣ ከ20 ላይ 0ን። ክሩ ወደ ተነሣበት ሲመለስ መሬቱ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ወጥቷል፤ በሰንደቅ ዓላማችን መሀል ያለው ዓይነት። ልጆቹ ይጮኻሉ። ቀጥሎ የስድስትን ሞክሩ እላቸዋለሁ፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30። ክሩ አሁን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የሚወጣው ግን ያው ኮከብ ነው። ሦስትና ሰባት ባለ አሥር ጫፍ ኮከብ ይሠራሉ፤ ሁለትና ስምንት ባለ አምስት ጎን ቅርጽ። አምስት ከ0 ወደ 5 ሄዶ ይመለሳል፣ አንድ መስመር ብቻ። አንዲት ልጅ «አራትና ስድስት ለምን ተመሳሰሉ?» ብላ ስትጠይቅ አጠገቧ ያለችው «ሲደመሩ አሥር ናቸዋ!» አለቻት። ጋሼ፣ ይህን ያለችው ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ምንም አልነገርኳትም።

ይህ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው እንዳይሉኝ። ቤልጅየማዊው መምህር ጆርጅ ኩዊዝኔር ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ባለቀለም እንጨቶች ሠርቶ ሒሳብ ያስተምር ነበር። እንጨቶቹን ለዓለም ያስተዋወቀው እስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ ነው። ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 በዩኔስኮ ተልእኮ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር፤ ንባብን በቀለም የማስተማር ዘዴውን የጀመረውም እዚሁ፣ በአማርኛ ፊደል ላይ ነው። በዓይን የመማር ነገር በዚህች አገር እንግዳ አይደለም።

ደግሞ ገበጣ አለልን። በውጭ አገር የሒሳብና የኮምፒውተር መማሪያዎች «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉትን ዘዴ ያውቁታል፤ እንደ ገበጣ በጉድጓድና በጠጠር ይሠራ ነበር እየተባለ ነው የሚተረከው። 13 ሳጥን ለስላሳ በ24 ጠርሙስ ስንት ነው? በግራ 13ን እያጋመስን፣ ትርፉን እየጣልን እንወርዳለን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እያጠፍን እንወርዳለን፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነው ከ6 ትይዩ ያለውን 48ን እንሰርዛለን፤ የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ። ማጠፍና ማጋመስ የሚችል ልጅ ያለ ሰንጠረዥ አባዛ ማለት ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የተባለው ግብጻዊ ጸሐፊ የገለበጠው ፓፒረስም በዚሁ በማጠፍ ነው የሚያባዛው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሲሸመድድ ያደገ ትውልድ ነው። ይህን ዓይተን በዚያው መንገድ እንቀጥል ማለት ይከብደኛል።

መምህሩ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። ያን ውጤት በማባዣ ሰንጠረዥ ላይ መደፍደፍ ልክ አይደለም። እኔ 9ኛ ክፍል ሳስተምር የወደቁብኝን ልጆች አስታውሳቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ሰባት ጊዜ ስምንትን የማያውቁ ነበሩ። ስለሸመደዱ የወደቁ ሳይሆኑ፣ ሳይሸመድዱ ያለፉ ናቸው። ከዓመት ዓመት «ይገባዋል፣ ቆይ» እየተባሉ እኔ ጋ ደረሱ።

ሳጥኑን አልቃወምም፤ ጥሩ ነገር ነው። ጥያቄዬ ከሳጥኑ በኋላ ምን አለ ነው። 336ን ለ8 አካፍል የተባለን ልጅ አስቢው። በ33 ውስጥ 8 ስንት ጊዜ አለ? አራት፤ 32። ቀሪ 1፣ ስድስቷን አውርድ፣ 16፤ ሁለት። መልሱ 42። ሰንጠረዡ አፉ ላይ ላለ ልጅ ይህ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። በየእርምጃው ቆርኪ የሚደረድረው ልጅ ግን 32 ላይ ሲደርስ ምን ሲያካፍል እንደነበረ ጠፍቶታል። ጭንቅላቱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ውስን ነው። ብዜቱን እያሰበ ከሆነ ማካፈሉን ማሰብ አይችልም። ቀጥሎ ክፍልፋይ ይመጣል፣ ከዚያ አልጀብራ። እኔ የሚያስጨንቀኝ እዚያ ያለው ልጅ ነው፤ አንቺ ከእሱ ጋ አትደርሺም፣ እኔ ደርሻለሁ።

በየስልኩ ስለሚዞረው የመስመር ማባዣም ልናገር፤ ወላጆች እያመጡ ያሳዩኛል። 12ን በ13 ለማባዛት መስመር ያሰምሩና መገናኛዎቹን ይቆጥራሉ፤ 1፣ 5፣ 6፤ 156። ያምራል፣ መገናኛው 12 ብቻ ነው። 98 በ87 ይሞክሩት እስቲ፦ 255 መገናኛ ይቆጠራል። አንዷን ሲዘልል መልሱ ተበላሸ። እንዲህ ያለው ነገር ልጁን የሚያስደስተው ቁጥሩ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ነው።

«የኢትዮጵያ ማባዣ» ብለሽ ያመጣሽውን ደግሞ የራሴ ምስክር አደርገዋለሁ። 24፣ 48፣ 96፣ 192 ብሎ ሳይደናገር የሚያጥፍ ሰው ማጠፍን በቃሉ የያዘ ሰው ነው። ጠጠሩ ቁጥሩን ያስቀምጥለታል እንጂ አያስብለትም።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፣ ክፍሉ ከ50 በላይ ልጅ ታጭቆበታል። ክር ሲተረተር፣ ቆርኪ ሲበተን፣ ሲሰበሰብ ደወሉ ይደወላል። ኮከቡን በእጁ የሠራው ስንቱ ነው? ፊት ያሉት ናቸው፤ ኋላ ያለው የጓደኛውን ጀርባ ነው ያየው። በዜማ ሲባል ግን ኋላ ያለውም አፉን ይከፍታል። አባቶቻችንም በአብነት ትምህርት ቤት ልጁን ዳዊት በቃሉ ካስያዙት በኋላ ነው ወደ ትርጓሜው የሚያደርሱት። መጀመሪያ ቃሉ ይግባ፣ ትርጉሙ ዕድሜና ዕውቀት ሲጨመር ይመጣል።

የሰፈራችንን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። እዚህ እናትየዋ የለቀመችውን ሃይላንድ ይዛ ሚዛን ፊት ስትቆም አጠገቧ ያለው ልጇ ነው። ኪሎው 12 ብር ቢሆን 8 ኪሎ ስንት ነው? ገዢው ብሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ ልጁ 96 ካላለ ቤታቸው የሚገባው ብር ይጎድላል። እዚያ ክር የለም፣ ሳጥን አይዞርም።

በመጨረሻም ክብር የሚባል ነገር አለ። አገር ይህን ሰፈር የሚያውቀው በቆሻሻው ነው፤ ያስታወሰውም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ ነው። ልጆቻችን «የቆሼ ልጅ» ሲባሉ አንገታቸውን የሚደፉ ናቸው። ለሌላው ልጅ መጽሐፍ፣ ለእነሱ የተጣለ ቆርኪ? እኔ ይህን አልወደውም።

መምህርቷ

ጋሼ፣ ቆርኪው ከክምሩ የመጣ አይደለም። ከየግሮሰሪው ተለምኖ፣ በበረኪና ታጥቦ፣ ጠርዙ ስለት ያለበት ተለይቶ ተጥሎ ነው ክፍል የሚገባው። ከፍተኛ ክፍያ የሚያስከፍሉት ትምህርት ቤቶች ለዚሁ ሥራ ባለቀለም ፕላስቲክ መቁጠሪያ ይገዛሉ። የእኛ ልጆች መግዣ ስለሌላቸው ብቻ ያንን ትምህርት ቢነፈጉ ነው ክብራቸው የሚነካው።

አብነቱን ጠቀሱ፤ ደስ ብሎኛል። ቅኔ ቤትን ግን ዘለሉት። ዳዊቱን በቃሉ የያዘው ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ መምህሩ የሚጠይቁት አዲስ ቅኔ ነው፤ የትናንቱን ይዞ የሚመጣን ማንም አያመሰግነውም። አባቶቻችን መፍጠርንም አስተምረውናል፤ እኛ ከእነሱ ትምህርት የወሰድነው ግማሹን ነው።

የመስመሩን ማባዣ ለትልቅ ቁጥር እኔም አላስተምረውም። በ12 እና በ13 ግን መቶው፣ አሥሩና አንዱ ለየብቻቸው ቆመው ይታያሉ። ይህን ያየ ልጅ አጻጻፉን ሲማር ሁለተኛውን ረድፍ ለምን ወደ ግራ እንደሚገፋ ይገባዋል። እርስዎ ጋ 9ኛ ክፍል የመጡት ልጆች ይህን ቢጠየቁ ስንቱ ይመልስ ነበር?

ስለ ጊዜው ያሉት እውነት ነው፤ ትልቁ ችግሬም እሱ ነው። ለዚህ ነው ክሩን ከደጅ፣ በቡድን የማሠራው፤ ኋላ የሚቀመጡትን አስቀድሜ። ሚዛኑ ፊት ያለውን ልጅ በተመለከተ ግን ልመልስልዎት፦ 12 ጊዜ 8 በሚያጠናው ሰንጠረዥ ላይ የለም፣ ሰንጠረዡ 10 ላይ ያበቃል። ልጁ 10 ጊዜ 8 እና 2 ጊዜ 8 ብሎ ካልከፈለው 96ን ከየት ያመጣዋል? ያን መክፈል የተማረው ከቆርኪው ረድፍ ነው።

መምህሩ

ይህቺን መለስሽልኝ። 10 ጊዜ 8 እና 2 ጊዜ 8 ብሎ መክፈል ከረድፉ የመጣ ይሁን። ግን 80 እና 16 ወዲያው ካልመጡለት ክፍፍሉ ምን ይጠቅመዋል?

እንግዲህ የምንለያየው በጊዜው ላይ ነው፤ አንቺ ክሩ የሚሰበሰብበትን ቀን አትናገሪም። እኔ ልናገር። ሦስተኛ ክፍል ሲያልቅ 36ቱ ብዜቶች ከልጁ ጋ መኖር አለባቸው፤ በቅደም ተከተል ሳይሆን ተቀላቅለው፣ አንቺ እንደምትጠይቂያቸው መሀል ለመሀል ተጠይቀው። ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ሲባል ሳያንገራግር 54። ያልያዘው ልጅ ክረምቱን እኔ ጋ ይምጣ፤ ከእሱ የምቀበለው ገንዘብ የለም።

አንቺም እኔ ያስጠናኋቸውን ጥሪና «56 ለምን ሆነ?» ብለሽ ሳጥን አስይዘሽ ጠይቂያቸው። የማይመልሱት ካሉ ያንቺ ናቸው፣ ውሰጃቸው። በቃል ማጥናቱን ከአንደኛው ሴሚስተር አሳልፈሽ አቆያለሁ ካልሽ ግን አልስማማም። ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ምን ሆኖ እንደሚመጣ አውቃለሁ።