ኦንዳንሴትሮንና የልብ ኤሌክትሪክ፦ ከማደላችን በፊት እንጠይቅ

በክፍል ውስጥ ኦንዳንሴትሮን ምንድን ነው ሲባል ሁላችንም አፋችን ላይ ነው፤ የሴሮቶኒን ተቀባይ ዘጊ፣ የማስታወክ መድኃኒት። ትክክል ነው። ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ሰው ያመጣውን እፎይታ ማን ይክዳል? እንደ ሜቶክሎፕራማይድ አንገት የሚያጣምም ዓይነትም አይደለም። እንዲህ ስለተወደደ ይመስለኛል ሌላ ጠባዩን ችላ የምንለው።

የልብ ጡንቻ ከአንድ ምት በኋላ ለቀጣዩ የሚዘጋጀው በዋናነት ፖታሲየም ከሴሉ ሲወጣ ነው። ኦንዳንሴትሮን ከሴሮቶኒን ሥራው ውጪ ኤችኢአርጂ የተባለውን የፖታሲየም መውጫም በከፊል ይዘጋል። ያኔ ዝግጅቱ ይዘገያል፤ በኢሲጂ ላይ ኪውቲ የምንለው ርዝመት ይጨምራል። ከመጠን ካለፈ ቶርሳድ ደ ፖይንት የተባለው አደገኛ የምት መዛባት ሊከተል፣ ታካሚውም በድንገት ሊሞት ይችላል።

ታዲያ መድኃኒቱ ይቅር ወይ? ኧረ እንደሱ አላልኩም። መጠኑ ወሳኝ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው ጥናት 32 ሚሊ ግራም በደም ሥር ሲሰጥ ኪውቲ በአማካይ እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ሲረዝም፣ በ8 ሚሊ ግራም ግን 6 ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ በደም ሥር ከ16 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተባለ። በአፍ የሚወሰደው አልተነካም።

እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚወስደው ሰው ነው። ሁለት ቀን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው የከረመ ሰው ፖታሲየሙና ማግኒዢየሙ ወርዶ ሊመጣ ይችላል፤ ይሄ ብቻውን ለልብ ምት መዛባት ያጋልጣል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበትን ደግሞ አስቡት። ቤዳኪሊን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን፣ አንዳንዴም ክሎፋዚሚን ይወስዳል፤ ሁሉም ኪውቲ ያረዝማሉ። ሕክምናው ያቅለሸልሸዋል፣ እኛ ደግሞ ለማቅለሽለሹ ሌላ አርዛሚ እንጨምርለታለን!

ኢሲጂ በየጤና ጣቢያው እንደማይገኝ ይገባኛል፤ ለሁሉም ይነሣ ማለት ባዶ ምክር ነው። መጠየቅ ግን ገንዘብ አይፈልግም። ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? የልብ ሕመም አለብህ? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ከቤተሰብ በድንገት የሞተ አለ? «አዎ» የሚል ከተገኘ ለሐኪሙ መደወል፣ ፖታሲየሙን ማስለካትና ማስተካከል፣ ወይም ሌላ አማራጭ መፈለግ ይቻላል። «ሐኪሙ አዟል» ብሎ ማደልማ ፋርማሲ ተምሮ ላልመጣም አያቅትም።

ለዚህ ነው አታችመንት ስንወጣ በምንሞላው የታካሚ ቅጽ ላይ «ኪውቲ የሚያረዝሙ መድኃኒቶች» የምትል አንዲት መስመር እንድትጨመር ዲፓርትመንታችንን የምጠይቀው።