ከወቀሳ በፊት መለካት

አንድ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ፈጥኖ ሲሠራ፥ በሌላው ላይ ግን ሲያዘግም ባየን ጊዜ አፋችን ቶሎ የሚለው «ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ ይገዛ» ነው። ይህ ምርመራ የጐደለው ፍርድ መሆኑን ማስረዳት እወዳለሁ።

ለምሳሌ ያህል ጊት የተባለውን ፕሮግራም እንመልከት። ጊት ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሥራቸውን ለውጥ የሚመዘግቡበት መሣሪያ ሲሆን፥ ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ለሊኑክስ ሥራ ያዘጋጀው ነው። ዛሬ በማክም በዊንዶውስም ላይ ይሠራል። ይሁን እንጂ ማሽኖቹ በጉልበት እኩል ሆነው ሳሉ፥ በዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ ሲዘገይ ይታያል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጊት በሊኑክስ ቤት ያደገ ስለ ሆነ ልማዱም የዚያው ቤት ነው፤ ይኸውም እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠይቃል፤ ለአንድ ሥራም ሌሎች ፕሮግራሞችን ያስነሣል። ይህ በሊኑክስ ዘንድ ቀላል ነው። በዊንዶውስ ዘንድ ግን አዲስ ፕሮግራም ማስነሣት ይከብዳል፤ ፋይል ሲከፈትም የቫይረስ መከላከያው እንደ ዘበኛ ቆሞ ይፈትሻል። አንዱ ፍተሻ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፤ በመቶ ሺህ ሲባዛ ግን የሠራተኛውን ቀን ይበላል።

ማይክሮሶፍት በ2017 የዊንዶውስን ኮድ ወደ ጊት ሲያዛውር፥ 3.5 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች፥ በጠቅላላው 300 ጊጋባይት ያህል ነበሩ። የተለወጠውን ፋይል የሚያሳየው ትእዛዝ ብቻ 10 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። መሐንዲሶቹ መዘግየቱ ከየት እንደ መጣ መርምረው፥ ለሠራተኛው የሚያስፈልገው ፋይል ብቻ እንዲመጣ ቢያደርጉ፥ ሥራው ወደ 4 ወይም 5 ሴኮንድ ወረደ። በ2023 ደግሞ በዊንዶውስ 11 ዴቭ ድራይቭ የተባለ የዲስክ ክፍል ወጣ፤ በዚያም መከላከያው ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ እንዲፈትሽ ተደረገ። ዘበኛው በሥራው ላይ እንዳለ ደጁ ቀለለ።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ሆይ፥ አንተም ተማሪው፥ አስቀድመህ አንዱን ሥራ በሁለቱም ማሽኖች ላይ በሰዓት ለካ። ቀጥሎ ታስክ ማኔጀርን ከፍተህ የደከመው ፕሮሰሰሩ፥ ሜሞሪው ወይስ ዲስኩ መሆኑን ተመልከት። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ለውጠህ እንደገና ለካ፤ ሁለት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም። መከላከያውን ጨርሶ መዝጋት ግን ቤትን ለሌባ ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

«ለመለካት ጊዜ የለኝም» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የተገዛው አዲስ ማሽንም ያንኑ መዘግየት ይዞ ሊቀጥል ይችላል፤ የባከነውም ገንዘብ የሕዝብ ነው፤ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ የሚጠብቀውም ባለጉዳይ እዚያው ቆሞ ይቀራል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ማለታቸው ለዚህ ዘመን መሣሪያም ይሠራል።