ኮሽሙን ለምን ትነቅሉታላችሁ?

ውድ አርሶ አደሮች፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ስንዴ ዋግ አይደለም። ቅር ያለኝ ነገር አለ፤ ልጃችሁ ነኝና ታገሡኝ።

ከአሰላ እስከ በቆጂ ባለው ደጋ፣ በቆዩ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎችና በአያቶቻችን ጓሮ ዙሪያ የቀረው ኮሽም እየተነቀለ ነው። ለምን ስል «ያረጀ እሾህ ነው፣ ሽቦ እንወጥራለን» ወይም «ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን» ትሉኛላችሁ።

ኧረ ቆም ብለን እናስብ! ሽቦ በገንዘብ ይገዛል፣ ይዝጋል፣ ይሰረቃል። ባሕር ዛፍ ገንዘብ እንደሚያስገኝ አልክድም፤ ከማሳ ጠርዝ ሲቆም ግን እርጥበቱን ከሰብላችሁ ጋር ይሻማል። ኮሽም ከብት የማይደፍረው አጥር ነው። አበባውን ንብ ይቀስመዋል። ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ ማርማላታም ይሠራበታል።

ይሄው የእኛው ኮሽም አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ድረስ ተወስዶ ከስሪላንካ ዘመዱ ጋር ተዳቅሏል። እነሱ ፍሬ ብለው ይተክሉታል፣ እኛ እሾህ ብለን እናቃጥለዋለን።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ጭላሎ ካመጣ ወዲህ እኛ ባለሙያዎች አፋችንን የምንከፍተው ስለ ኩንታል ብቻ ሆኗል። ስለ ኮሽም የነገራችሁ ማን አለ?

«ወፍ ይሰበስባል፣ ቦታ ይይዛል» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው። ስለዚህ ማሳ ዳር ሳይሆን በጓሮና በግቢ ዙሪያ ይሁን፤ ሲንሰራፋም ይከርከም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ኮሽም ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ጎረቤት ሁሉ ነቅሎ አንድ ግንድ ብቻ ቢቀር ፍሬ ላይዝ ይችላል። የአንዱ መጥረቢያ የሌላውን ጓሮ ያመክናል ማለት ነው።

መትከል ለምትፈልጉ፦ በደንብ የበሰለ ፍሬ ለቅማችሁ ዘሩን እጠቡ፣ ጥላ ሥር አጠንፍፉ፣ ሳይቆይ መደብ ላይ ዝሩ። ችግኙን ክረምቱ ሲገባ ግማሽ ሜትር ያህል እያራራቃችሁ ትከሉ። ለአጥር ብቻ ሳይሆን ለፍሬም ከፈለጋችሁት በርከት አድርጉት። እስኪጠነክር ከከብት ጠብቁት።

ያላችሁ አትንቀሉ። የሌላችሁ ከጎረቤት ፍሬ ለምናችሁ ዝሩ። ሽቦው ከገበያ ይገኛል፤ የአያቶቻችን ኮሽም ግን አንዴ ከጠፋ ከየትኛው ገበያ እንገዛዋለን?