«የሙስሊም ሱቅ ነው» ማለት ብቻውን ንግድ አይሆንም



አምና ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ተዘጋ። የከፈቱት ከመስጂዳችን የማይጠፉ ልጆች ናቸው። ትልቁን ገንዘብ ያዋጣችው ግን አረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች የአንደኛው እህት ነበረች። ሱቁ ሲዘጋ «ቀደር ነው» ተባለ። «ዓይን ነው» ያለም አልጠፋ። የባሰው ደግሞ «ሙስሊሙ እርስ በርሱ አይደጋገፍም» የሚለው ወቀሳ ነው። ይህችን ዝም ብለን አናልፋትም።

እኛ የዚያ ሱቅ ደንበኞች ነበርን። ዙህር ላይ ይዘጋል፤ ዐስር ካልተሰገደ አይከፈትም። ዘይት ሲጠየቅ መልሱ «ነገ ይመጣል» ነው። ያለውም ዕቃ ዋጋው ከጎረቤት ይበልጣል። ማስታወቂያቸው በሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ «ሐላል» ብቻ ነበር። ለመሆኑ ስኳርና ሳሙና ሐራም የሚሆንበት ሱቅ የቱ ነው?

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ተሰደው መዲና ሲገቡ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። እሳቸው ግን ዱዓ አደረጉላቸውና «ገበያው የት ነው?» ብለው ጠየቁ። የተመሩት ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ነው፤ የአይሁዶች ገበያ! እዚያ «ወንድማችሁ ነኝ፣ ከእኔ ግዙ» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? አይብና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ።

ከሱቅም ከፍ ብለን እንይ። ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም ይደክሙ የነበሩ ወገኖችን መንገድ የዘጋው ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ነበር። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በነባር ባንኮች መስኮት ብቻ ይሰጥ አለ። መመሪያው በ2019 ተቀየረ፤ ዘምዘም በ2020 ፈቃድ አግኝቶ በ2021 ሥራ ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ነባሮቹ ባንኮች መስኮታቸውን ከፍተው ሙስሊሙን ደንበኛ ሲያስተናግዱ ነበር። መዘግየቱ የመሥራቾቹ ጥፋት አይደለም። በሩ ሲከፈት ግን የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ አልነበረም። ስለዚህ ዘምዘምም ሆነ ሂጅራ «የእኛ ባንክ» በሚለው ስሜት ብቻ ደንበኛ ይዘው አይዘልቁም። ሰው ሰልፉን ያያል፣ የሞባይል አገልግሎቱን ያያል፣ ለትንሽ ነጋዴ ሙራበሓ ይሰጡ እንደሆነ ያያል።

ስም ብቻውንማ ቢያዋጣ ሃይላንድን ማን ይቀድመው ነበር? እስከ ዛሬ ሱቅ ገብተን «ሃይላንድ ስጠኝ» እንላለን፤ ተቀብለን የምንጠጣው ግን ሌላ ውሃ ነው።

«ታዲያ ወንድምን መደገፍ ኸይር አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ነው እንጂ! ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ ሄደን እንግዛለት። ሁለተኛ የሚመልሰን ግን ዕቃውና አመሉ ነው። ከአምባሰል ገጠር ተነስታ በትራንስፖርት የምትመጣ እናት ለአንድ ሊትር ዘይት ጨምራ እንድትከፍል በዲን ስም መወትወት ግን ከልጆቿ አፍ መንጠቅ ነው። ሰደቃ ከፈለግን ሰደቃ ብለን እንጠይቅ።

ያቺ እህታችን ልትመለስ ነው ስትባል ሌላ ኮንትራት ፈረመች። ወንድሟ አሁንም «ቀደር ነው» ይላል። ስንቴ ሱቁ ተዘግቶ እንዳገኘነው ግን ነግረነው አናውቅም፤ ይህ የእኛም ጥፋት ነው።

ጎረቤቱ ያለው ሱቅ አልተዘጋም። ባለቤቱ ክርስቲያን ነው፤ ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተምር አስመጥቶ በር ላይ ይደረድራል። አምና የጀመዓችንን የኢፍጣር ተምር የገዛነው ከእሱ ነው። ሩብ ኪሎም ይመዝናል።