የጥርስ ማስተካከያ ውል ማቋረጥ ቢፈልጉ፦ ጥርስዎ፣ ገንዘብዎና መብትዎ

በቅርቡ አንዲት ወጣት መምህርት ከእናቷ ጋር ከጊንጪ ወደምሠራበት የሕክምና ክፍል መጣች። የመጣችው ጨጓራዋን አሟት ነበር። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ስጠይቃት ለሳምንታት አይቡፕሮፌን በባዶ ሆዷ ስትውጥ እንደቆየች ነገረችኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃት ከአፏ ውስጥ አንድ ግልጽ ፕላስቲክ አውጥታ አሳየችኝ። አላይነር ነበር፤ ጥርስ ለማስተካከል የሚጠለቅ፣ በልክ የተሠራ ፕላስቲክ።

ሕክምናውን የጀመረችው አዲስ አበባ ነው። 28 ጥንድ ታዞላት 13ኛው ላይ ደርሳለች። የፊት ጥርሶቿ ሲገጥሙ የኋላ መንጋጋዎቿ አይነካኩም፤ እንጀራ እንኳ በደንብ ማኘክ አቅቷታል። ሕክምናውን የጀመረላት ሐኪም ከክሊኒኩ ለቋል። ክሊኒኩ ደግሞ «ቀሪውን ክፍያ ጨርሺ፣ ከዚያ እናያለን» ብሏታል። እናትየዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ «ዶክተር፣ ይህን ውል ብናፈርሰው ገንዘባችን ይመለሳል?»

ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ጥያቄው ግን የእነርሱ ብቻ አይደለም። እኔ ጠቅላላ ሐኪም እንጂ የጥርስ ሐኪምም የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። ሆኖም የሰውነትም የገንዘብም ጉዳይ በአንድ ወረቀት ላይ ሲታሰር ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያማክረው ቅርቡ ያለውን ሐኪም ነው። ስለዚህ የማውቀውን በቅደም ተከተል ላስረዳዎት።

ነገሩ በዓለምም የታየ ነው

በአሜሪካ ስማይል ዳይሬክት ክለብ የሚባል ትልቅ ኩባንያ አላይነር በፖስታ ወደ ቤት እየላከ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በታኅሣሥ 8 ቀን 2023 ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ዘጋ። ሕክምናቸው መሐል ላይ የነበሩ ደንበኞች የሚጠይቁት ሰው አጡ። ኩባንያው ሲሸጥ ቃል የገባው የዕድሜ ልክ ዋስትናም አብሮ ቀረ። በየወሩ ይከፍሉ የነበሩት ግን ክፍያቸውን እንዲቀጥሉ ተነገራቸው።

ከዚያ በፊት የዋሽንግተን ዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይህን ኩባንያ ከስሶት ነበር። የክሱ ምክንያት ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የጠየቁ ደንበኞችን «ስለ ችግሩ ለማንም አልናገርም» የሚል ወረቀት ያስፈርማል የሚል ነው። በ2023 በተደረሰው ስምምነት ኩባንያው ከ17,000 በላይ ደንበኞችን ከዚያ የዝምታ ግዴታ ነፃ አወጣ።

በጥቅምት 2024 ደግሞ ዴንትስፕላይ ሲሮና የተባለው ኩባንያ ባይት የተሰኘውን አላይነሩን መሸጥ አቆመ። ለዚህ ሕክምና የማይመቹ ሰዎች ሳይለዩ ሊገቡበት እንደሚችሉ ስጋት ተነሥቶ ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች ለእኛ የሚጠቅሙ ሦስት ትምህርቶች አሉ። ዋስትና የሚያገለግለው የሰጠው ድርጅት እስካለ ድረስ ነው። ክፍያና ሕክምና ከተለያዩ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርስ፣ ድድና መንጋጋ በአካል ሳይመረመር የተጀመረ ማስተካከያ ከመነሻው አደጋ አለው።

ሕክምናው ከእርስዎ ምን ይፈልጋል?

አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። የሚወጣው ለምግብ፣ ከውሃ ውጭ ላለ መጠጥና ለጥርስ ማጽዳት ብቻ ነው። ይህ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ቡና ሲጠጣ አላይነሩ ወጥቶ መቆየት አለበት፤ ትኩስ ቡና ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቀለሙንም ይቀይረዋል። አምቦ ውሃም ውሃ ነው ተብሎ አላይነሩ ሳይወጣ መጠጣት የለበትም። ጋዝ ያለው መጠጥ ትንሽ አሲድነት ስላለው ከጥርስና ከፕላስቲክ መካከል ገብቶ ይቆያል።

ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። ክርክር ሲነሣ ክሊኒኩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚለው «በአግባቡ አላደረጉትም» ነው። ስለዚህ መቼ እንደጀመሩ፣ መቼ እንደቀየሩና ለቀጠሮ መቼ እንደሄዱ በማስታወሻ ይያዙ።

ሕክምናን ማቋረጥ መብትዎ ነው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ ሕክምና አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ውል ፈርመዋልና አላይነሩን በግድ ያጥልቁ ሊልዎት የሚችል የለም። ሰውነትዎ በውል አይያዝም።

ገንዘቡ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እንደሚያቋርጡበት ምክንያት ይለያያል።

የመጀመሪያው ምክንያት ሐሳብዎን መቀየርዎ ከሆነ፣ ማለትም ክሊኒኩ የገባውን ቃል እየፈጸመ እርስዎ ከሰለቹ ወይም አቅም ካጠረዎት፣ አቋምዎ ደካማ ነው። በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራልና። አላይነር ደግሞ ለእርስዎ ጥርስ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለሌላ አይሸጥም። ከቤት ሆነው በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዙትን በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት በሰፊው በሚሰጠው በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንኳ በልክ የተሠራ ዕቃ ከዚህ መብት ውጭ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚያዋጣው መደራደር ነው፤ ገና ያልተሠሩት ጥንዶች ዋጋና ያልተደረጉት ቀጠሮዎች ክፍያ እንዲቀነስልዎ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ክሊኒኩ ውሉን አለመፈጸሙ ነው። ሐኪሙ ለቆ ተተኪ ካልተመደበ፣ ቀጠሮ ካልተሰጠ ወይም የታዘዘው አላይነር ካልመጣ አቋምዎ ይጠነክራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንዱ ወገን ሳይፈጽም ሲቀር ሌላው ወገን እንዲፈጸምለት ወይም ውሉ እንዲሰረዝለት፣ ጉዳት ካለም ካሳ እንዲከፈለው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ነገር ግን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተናዶ ይቀራል እንጂ በጽሑፍ አያስጠነቅቅም።

ሦስተኛው ሕክምናው ሰውነትዎን እየጎዳ መሆኑ ነው። የጥርስ መነቃነቅ፣ የድድ ማበጥ ወይም መግል፣ የማይቆም ሕመም፣ እንደ መምህርቷ የመንጋጋ አለመግጠም ከታየ ከገንዘቡ በፊት ሌላ የጥርስ ሐኪም ይመርምርዎ፤ ያገኘውንም በጽሑፍ ይስጥዎ። ያ ወረቀት ለጤናዎም ለክርክርዎም ያስፈልጋል። ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ካበጠ፣ መተንፈስም ከከበደዎት ግን አላይነሩን አውጥተው ጊዜ ሳይወስዱ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ።

«ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» አንድ አይደሉም

የመምህርቷን ደረሰኝ ሳይ መጀመሪያ የፈለግሁት ይህን ቃል ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የራሱ ትርጉም አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቅድሚያ ክፍያ ግን ከጠቅላላው ዋጋ አስቀድሞ የተከፈለ ድርሻ ነው። ውሉ ሲፈርስ ከተሰጠው አገልግሎት ጋር ተሰልቶ ቀሪው ይመለስልኝ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ደረሰኝ ሲቀበሉ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ያንብቡ። ውሉ ላይ «ያቋረጠ ይህን ያህል ይቀጣል» የሚል ቃል ካለም ተስፋ አይቁረጡ፤ ውሉ በከፊል የተፈጸመ ከሆነ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሊቀንሰው ይችላል።

የሸማቾች አዋጅ እና 15 ቀን

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ ገዢን ብቻ ሳይሆን አገልግሎት ተቀባይንም ይመለከታል። ስለሚገዙት አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በአክብሮት የመስተናገድ፣ ለደረሰብዎ ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። የንግድ ማስታወቂያም ሐሰተኛ ወይም አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል። ስለዚህ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም «በስድስት ወር እንጨርሳለን፣ ያለ ምንም ሕመም» የሚል ማስታወቂያ አይተው ከሆነ የገቡት፣ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

አዋጁ ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ይህ ጊዜ ለጉድለት እንጂ ሐሳብን ለመቀየር አይደለም። ረጅም ሕክምና ላይ ደግሞ ጉድለቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያልገጠመ አላይነር በተረከቡ ማግስት «እስኪለምድ ልጠብቅ» ብለው ወር አያሳልፉ፤ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ። ጊዜው ካለፈም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የውል አለመፈጸምን መጠየቅ የሚከለክልዎ የለም።

ከማቋረጥዎ በፊት የሚያደርጉት

የሕክምና መረጃዎን ይረከቡ። ራጅ፣ የጥርስ ልኬት ወይም ስካን፣ ፎቶ፣ የሕክምና ዕቅዱ፣ የታዘዘው የአላይነር ብዛትና ያሉበት ቁጥር ያስፈልጋል። ያለ እነዚህ ሌላ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፤ ወጪውም የእርስዎ ይሆናል።

አላይነሩን በአንድ ጊዜ አይጣሉት። ከመንገድ የቆመ ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይጀምራል። የከፋ ጉዳት ከሌለ በደንብ የሚገጥመውን የመጨረሻውን አላይነር ማታ ማታ እያጠለቁ የጥርስ ሐኪም ይይዩ። ጥርስዎ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ጉብታዎች ካሉ በራስዎ ለመፋቅ አይሞክሩ፤ የሚነሡት በጥርስ ሐኪም ነው። ሕክምናው የተጠናቀቀ ቢሆንም ጥርሱ ባለበት እንዲጸና ሪቴይነር የሚባል መያዣ ለረጅም ጊዜ ያስፈልጋል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፉ። ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ፦ «በዚህ ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት ይህን ያህል ብር ከፍያለሁ። ከ28 ጥንድ 13ቱን ተቀብያለሁ። ሐኪሙ ከለቀቀ ወዲህ ክትትል አላገኘሁም፤ መንጋጋዬም አይገጥምም። በ15 ቀን ውስጥ ባለሙያ መድባችሁ ሕክምናውን ካላስተካከላችሁ ውሉ እንዲፈርስ፣ ያልተሰጠኝ አገልግሎት ክፍያ እንዲመለስልኝና የሕክምና መረጃዬ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞና ቀን ጽፎ ይመልስልዎ።

የት ነው አቤት የሚባለው?

የገንዘብና የአገልግሎት ቅሬታ ከሆነ ክሊኒኩ ባለበት ከተማ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ክሊኒኩ አዲስ አበባ ከሆነ የከተማዋ ንግድ ቢሮ ነው። በፌዴራል ደረጃ የሸማቾች ጥበቃ ሥራ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሥር ነው። ጊንጪ ወይም አምቦ ላለ ክሊኒክ ማመልከቻዎን በአፋን ኦሮሞ ቢያዘጋጁት ሥራው ይፈጥንልዎታል።

የሙያ ስሕተት ነው ካሉ ለክሊኒኩ ፈቃድ ለሰጠው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ያመልክቱ፤ የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመለከተዋል። የፕላስቲኩ ጥራት የሚያጠራጥር ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ጥቆማ ይቀበላል። ለጠበቃ አቅም ከሌለዎት ነፃ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡት መካከል የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ይገኝበታል።

ክሊኒኩ ሊስማማ ፈልጎ ወረቀት ቢያቀርብልዎ ሳይቸኩሉ ያንብቡት። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለበት ገንዘቡን በእጅዎ ሳያገኙ፣ መረጃዎንም ሳይረከቡ አይፈርሙ። ለጤና ተቆጣጣሪ እንዳያመለክቱ የሚያስር ቃል ካለ ደግሞ እንዲሰረዝ ይጠይቁ።

ገና ሊፈርሙ ላሉት

አራት ነገር ይጠይቁ፦ የሚከታተለኝ የጥርስ ሐኪም ማን ነው፣ እርሱ ቢለቅስ? ዋጋው ሪቴይነርንና የተበላሸ አላይነር መተካትን ይጨምራል? መሐል ላይ ባቋርጥ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል? ክፍያዬ በሕክምናው እርከን ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ ወረቀት ላይ ይስፈር። ከጊንጪ ወይም ከአምቦ ለሚመላለስ ሰው የመንገዱም ወጪ ከዋጋው ጋር ይታሰብ።

መምህርቷ አይቡፕሮፌኑን አቁማ ጨጓራዋ ተሽሏታል። ደብዳቤዋን አስገብታ ራጇንና ዕቅዷን ተረከበች፤ ሌላ የጥርስ ሐኪምም መንጋጋዋን እያየላት ነው። የገንዘቡ ጉዳይ ግን ገና አላለቀም። እናትየዋን ባለፈው ሳገኛቸው የጠየቁኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ታናሽየውም ጥርሱን ላስተካክል ይላል፤ ያንን ወረቀት መጀመሪያ ለእርስዎ ላሳይ?» አሉኝ። ያሳዩኝ አልኳቸው። እርስዎም ከመፈረምዎ በፊት ለአንድ ሰው ያሳዩ።

ጤናዎ ይብዛ።