እንግዳ ብቻ የሚያድርበት ሰፈር

ደላሎቻችን አዲስ ቋንቋ ለምደዋል። ድሮ ቤት ሲያሳዩ «ውኃ አለው፣ ቆጣሪው የግል ነው፣ ግቢው ሰላም ነው» ነበር የሚሉት። አሁን «ታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ነው» የሚል ተጨምሮበታል። ዕቃው የተሟላ፣ አልጋው የተነጠፈ፣ የሚያጸዳና አንሶላ የሚቀይር ሠራተኛ ያለው፣ በቀን ወይም በሳምንት የሚከራይ አፓርታማ፤ እሱም «በጥንታዊቷ ፒያሳ እምብርት»! ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ይነገራል። ታሪክ በዶላር ሲጠራ ያምርበታል መሰለኝ።

ከአፓርታማው ጋር ጠብ የለኝም። መንገደኛ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ልጆች ይዞ የመጣ ደግሞ ወጥ የሚያሞቅበት ምድጃ ይፈልጋል። ጠቤ «ታሪካዊ ሰፈር» ከምትለዋ ማስታወቂያ ጋር ነው። ክፍሉን አከራዩ፤ መብታችሁ ነው። ሰፈሩን ግን ማን ሰጥቷችሁ ነው የምታከራዩት?

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። ሰፈር ማለት ሰው የሰፈረበት ማለት ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየጉብታው ሰፈሩ፤ ቦታው በሰፈረው ሰው ስም ተጠራ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር እያልን የምንጠራው ለዚህ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሕንፃ ሳይሆን እዚያ ከሰፈሩት የእጅ ባለሙያዎች ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ካዛንቺስ እንኳ የጣሊያን ስሙን ይዞ ይቅር እንጂ፣ ካዛንቺስ ያደረጉት ከጣሊያን በኋላ የኖሩበት ሰዎች ናቸው። በእኛ ቋንቋ ሰው የሌለበት ሰፈር የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ አፓርታማው ልግባ። ባለፈው ዓመት ቤታችን ሲታደስ እኔና ባለቤቴ ፒያሳ አካባቢ እንዲህ ባለ ቤት 12 ቀን ሰንብተናል። ጎደለ የምለው ነገር የለም። ሙቅ ውኃው ይወርዳል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። መተላለፊያው ላይ ደግሞ የድሮ ፒያሳ ፎቶግራፎች በጥቁርና ነጭ ተደርድረዋል፤ ጋሪ ነጂው፣ ባርኔጣ ያጠለቀው ሰውዬ፣ ጥላ የያዘችው ወይዘሮ፣ ባለ ሰገነቱ የእንጨት ቤት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንግዳ ተቀባይዋን «የኔ ልጅ፣ እዚህ ቅርብ ጥሩ የጀበና ቡና የት አለ?» አልኳት።

«ውይ ጋሼ፣ እኔም ለሰፈሩ አዲስ ነኝ። የምመላለሰው ከአያት ነው። እስቲ ጥበቃውን ይጠይቁት» አለችኝ።

ጥበቃው ከገባ ወሩ ነው። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ የምትመጣው ከሰበታ ነው። ከጎናችን ያሉት ባልና ሚስት ለሠርግ ከዋሽንግተን የመጡ ናቸው፤ ከላያችን ያሉት የውጭ አገር መሐንዲሶች ናቸው። እኛም ከሌላ ሰፈር ነን። እዚያ ሕንፃ ውስጥ የፒያሳ ሰዎች የነበሩት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ብቻ ናቸው።

ልጅቷም ጥበቃውም ምንም አላጠፉም። ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ቤት ማለት እንግዳና ባለቤት የሚገናኙበት ነው። ሁሉም እንግዳ ሲሆን ማን ማንን «ቤት ለእንግዳ» ይላል?

ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? መልሱ ይታወቃል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲገባ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ መንደሮች ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ለብዙዎቹ ነዋሪዎች ምትክ ቤት ተሰጥቷል፤ ይሄን መካድ አይገባም። ምትክ የተሰጠው ግን ለቤቱ ነው። ለእድሩስ? ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ድስት ለማን ይድረስ? አባላቱ በከተማው አራት ማዕዘን ተበትነው፣ ለቅሶ ሲሆን ማን ሦስት ታክሲ ቀይሮ ይድረስ? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያለው ሕዝብ ጎረቤቱን በዕጣ ሲያገኝ፣ የፈረሰው ጭቃ ቤት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «አሁን ደግሞ ድህነትን ልታስናፍቀን ነው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አይደለም። አሥር ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት ሲሰለፍ ታሪክ አልለውም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የሚደረደርበት ቤት ቅርስ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄውን እስከ ታች እንውረድበት። ጣሪያው ለምን አፈሰሰ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ እዚያው በቆመበት አሥርተ ዓመታት ነጎዱ፤ ከእሱ የሚገኘው ሳንቲም ለእድሳት የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ልጠግን ቢል የራሱ አይደለም። አከራዩ ሳያድሰው ቤቱ አረጀ፤ ካረጀ በኋላ «ለኑሮ የማይመች» ተባለ። ወቀሳው ግን ያረፈው በአከራዩ ላይ ሳይሆን በተከራዩ ላይ ነው። ይሄ የትኛው ዳኝነት ነው?

«ቱሪስት ገንዘብ ያመጣል» የሚለውም ክርክር እውነት አለው። ግን ከእኛ ቀድመው በዚህ መንገድ የሄዱትን እንጠይቃቸው። የቬኒስ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ከ170 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደች። ባርሴሎና ደግሞ ተከራይ ቤት ሲያጣ፣ ኪራይ ሰማይ ሲነካ፣ ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ አየችና፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የ10,101 የቱሪስት አፓርታማዎችን ፈቃድ ከ2028 በኋላ እንደማታድስ አስታወቀች። ቱሪስት እየጎረፈላቸው ያሉ ከተሞች ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ እኛ እነሱ በተጸጸቱበት በር ለመግባት እንጋፋለን።

ደግሞ ፒያሳ እንግዳ መቀበል የሚያስተምራት አትፈልግም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ያቋቋሙት እዚያው ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ያ ሆቴል ግን ዙሪያውን ባለ ሱቅ፣ ወርቅ ሠሪ፣ ልብስ ሰፊና ኬክ ቤት ነበረው። እንግዳው ከደረጃው ሲወርድ ከተማ ያገኝ ነበር።

ሩቅ መሄድ ካላስፈለገም ሐረር አለች። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤተሰቦች አሉ። እንግዳው ደረጃ በደረጃ በተሠራው መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ግድግዳው በስፌትና በሳህን አጊጧል። ስፌቱ ግን ለጌጥ ተገዝቶ የተሰቀለ አይደለም፤ የማን እጅ እንደሆነ የምትነግርህ እናት እዚያው ቁርስ ታቀርብልሃለች። ብሩም ከዚያው ቤት አይወጣም። እንዲህ ያለው ቤት ታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ነው ቢባል ማን ይከራከራል?

እንግዲህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በፈረሱት ሰፈሮች ላይ ከሚሠራው አዲስ ሕንፃ የተወሰነው ለቀድሞ ነዋሪዎች ይመደብ፤ መመለስ የሚፈልግ ቀዳሚ ዕድል ያግኝ። ሁለተኛ፣ ከፍርስራሽ በተረፉት አሮጌ ቤቶች ውስጥ እንግዳ ለማሳደር ፈቃድ ሲሰጥ፣ እዚያው የሚኖር ባለቤት ይቅደም። ሦስተኛ፣ የሕንፃዎቹ ምድር ቤት ለባለ ጀበናዋ፣ ለልብስ ሰፊውና ለጫማ ጠጋኙ በአቅማቸው ይከራይ። ይሄን ሁሉ ለማድረግ ጠፈር ላይ መውጣት አይጠይቅም። ቆርጦ መወሰን ብቻ ነው።

ለጥምቀትና ለሠርግ ከባሕር ማዶ የምትመጡ ወገኖቼም ድርሻ አላችሁ፤ የዚህ ገበያ ዋነኛ ደንበኞች እናንተ ናችሁና። «ዋይፋይ አለው ወይ?» ብላችሁ ስትጨርሱ «እዚህ ማን ይኖር ነበር? አሁንስ ማን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን ነጋዴ ሰምቶ ዝም አይልም።

እስከዚያው ግን ለደላሎቻችን አንድ ምክር አለኝ። ሰው አድሮ የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ስም አለው፤ ሆቴል ይባላል። ነውርም የለበትም። ሆቴሉን ሆቴል በሉት። «ሰፈር» የሚለውን ቃል ግን ሰፍሮበት ለሚኖር ሰው ተውለት።